ለማስተማር መጥተው ተማሪ የሆኑት ቅዱስ



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ እኛ የታሪክ ክበብ አባላት ለመታሰቢያው መጽሐፍ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ስለ ምን እንደምንጽፍ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ስለ ጦር አለቆች፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ነገሥታት ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ሁላችንንም ያስማማን አንድ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም፦ ሠራዊት ያልነበረው፥ ርስትም ሆነ ወርቅ ትቶ ያልሄደ ሰው፥ ከሞተ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በሰዎች እምነትና ኑሮ ላይ እስከ ዛሬ የሚሠራው በምን ኃይል ነው? የሚል ነው።

ስለ ቅዱሳን ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው በገድላቸውና በሥዕላቸው ስለሚታየው ክብር ነው። እኛ ግን ሥራቸው ዛሬ ከምን ላይ እንደሚገኝ ለመፈለግ አሰብን። ለዚህም የመረጥናቸው በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ የሚባሉትን፥ በአገራችን ሰዎች አፍ ግን አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚታወቁትን አባት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር ለመግለጽ እንወዳለን። እኛ ጸሐፊዎቹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አይደለንም። ኦርቶዶክሱም፥ ካቶሊኩም፥ ፕሮቴስታንቱም፥ ሙስሊሙም ባንድ ክፍል ተቀምጠን የምንማር ነን። ስለዚህ ይህን የጻፍነው የማንንም ሃይማኖት ለመንቀፍ ወይም ማንንም ወደ ሌላ እምነት ለመሳብ ሳይሆን፥ ከታሪኩ ያገኘነውን ትምህርት ለሁሉ ለማካፈል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

የአቡነ ያዕቆብን ሥራ ለመመዘን ከሳቸው ሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1603 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የሚባሉ የእስፓኝ ተወላጅ፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፥ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እሳቸው ትዕግሥተኛና ብልህ ሰው ስለ ነበሩ አማርኛና ግዕዝ ተምረው፥ ሕፃናትን አስተምረው፥ በቤተ መንግሥትም ተወደዱ። ዐፄ ሱስንዮስም በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝ ግን በዚያው ዓመት ሞቱ። ከሳቸው በኋላ በ1625 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆነው የመጡት ፖርቱጋላዊው አልፎንሶ ሜንዴዝ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በደንቀዝ መኳንንቱና ካህናቱ በተሰበሰቡበት ለሮማው ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ያሳዝናል። ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፥ ጾሙና በዓሉም በሮማ ሥርዓት እንዲሆን አዘዙ። አባቱና አያቱ የጾሙትን ጾም፥ የተጠመቁትን ጥምቀት ከንቱ ነው የተባለ ገበሬ እንዴት ዝም ሊል ይችላል? በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ። በ1632 ዓ.ም. ከላስታ ዐመፀኞች ጋር በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ዐፄ ሱስንዮስም የወገናቸው ደም መፍሰስ ልባቸውን ስለ ሰበረው፥ ሰው ሁሉ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ። በ1638 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ወደ አገሪቱ በመግባታቸው በጎንደር ተሰቅለው ሞቱ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ሰው። በንጉሥ ትእዛዝ የተሠራው ሥራ ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ፈረሰ፤ ያስከተለው ጥርጣሬ ግን ሁለት መቶ ዓመት ቆየ።

አቡነ ያዕቆብ የመጡት ይህ ጥርጣሬ ገና ባልጠፋበት ጊዜ ነው። የተወለዱት በደቡብ ኢጣልያ፥ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ መንደር በጥቅምት 9 ቀን 1800 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻቸው ካፈሯቸው ዐሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ለድኆች አገልግሎት ወደ መሠረቱት ወደ ላዛሪስት ማኅበር ገብተው፥ በ1824 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። በ1836 እና በ1837 ዓ.ም. በናፖሊ ከተማ የኮሌራ በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ፥ ከበሽተኞቹ አጠገብ ሳይለዩ አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ታዘው በ1839 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዐድዋ ደረሱ።

በዚያን ጊዜ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። በጎንደር የነበረው ንጉሥ ስም ብቻ ሲሆን፥ ሥልጣኑን የያዙት መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ሰሜንንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ጥንት ኢየሱሳውያን የተቀመጡባት ፍሬሞናም ለዐድዋ ቅርብ ስለ ሆነች፥ ሕዝቡ ፈረንጅ ካህን ሲያይ የአባቶቹን ወሬ ያስታውስ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ይሸሻቸው ነበር ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም።

ታዲያ አቡነ ያዕቆብ ምን አደረጉ? መጀመሪያ ተማሪ ሆኑ። ግዕዝ፥ አማርኛና ትግርኛ ለመማር ተቀመጡ። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፥ የአገሩን እንጀራ በሉ፥ የአገሩን ጾም ጾሙ። በ1840 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤታቸው ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ንግግር ሲያደርጉም፥ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው የመጡት ስለ እነሱ ፍቅር መሆኑን ገለጡ እንጂ፥ የሰሚዎቻቸውን እምነት በመንቀፍ አልጀመሩም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፥ ሰሚዎቹ ከቃሉ ይልቅ የአነጋገሩን ትሕትና ልብ ሳይሉት አልቀሩም።

ብዙ ጊዜ አልቆየም፥ ከባድ ፈተና መጣባቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ጳጳስ አልነበራትም። ስለዚህ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ ለምነው የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብጽ ለመላክ ሲነሡ፥ እኒህን ፈረንጅ መነኩሴ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። የካቶሊክ ካህን ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማምጣት ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መጓዙ እንግዳ ነገር ነው። እሳቸው ግን መልእክተኞቹ ወደ ሮማም እንዲሄዱ ተስማምተው በ1841 ዓ.ም. አብረው ተነሡ። በካይሮ አቡነ ሰላማ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከመልእክተኞቹም ከፊሎቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮማ ተሻግረው ጳጳሱን ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ።

ከነዚያ መንገደኞች መካከል አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ የጎጃም መነኩሴ ነበሩ። በመርጡለ ማርያም የተማሩ፥ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው የጠፋ፥ ነገር ግን መጻሕፍትን በመመርመር የታወቁ ሊቅ ናቸው። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተዋሕዶ፥ በቅባትና በጸጋ ተከፍለው ይከራከሩ ስለ ነበር፥ እሳቸውም እውነተኛው ትምህርት የትኛው ነው እያሉ ከገዳም ወደ ገዳም ይዞሩ ነበር። በጉዞው ሁሉ አብረዋቸው የተቀመጡትን መነኩሴ ሲናገሩ ሰሙ፥ ሲጸልዩ አዩ፥ ሲሰደቡም ዝም ሲሉ ተመለከቱ። ከተመለሱም በኋላ ብዙ ጠይቀውና ተከራክረው በ1844 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ሰዎች ሥራ ባንድነት ሆነ። በዓዲግራት አጠገብ በጓላ የካህናት ትምህርት ቤት ሲቋቋም አባ ገብረ ሚካኤል አስተማሪ ሆኑ። ትምህርተ ሃይማኖቱ በአገር ቋንቋ ሲዘጋጅም የረዱት እሳቸው ናቸው። ፈረንጁ መምህር ግዕዙን ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ሲማሩ፥ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ደግሞ የሮማን ትምህርት ከፈረንጁ ይማሩ ነበር። ማን መምህር፥ ማን ተማሪ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ እኛም ታሪኩን ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ይህ ነው።

በ1849 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብ በምጽዋ ከአቡነ ማስያስ እጅ በስውር የጵጵስና ማዕረግ ተቀበሉ። በ1851 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤልን፥ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ቅስና ሾሟቸው። ሌሎችንም የአገር ልጆች ሾሙ። እነዚህ ካህናት ላቲን እንዲቀድሱ አልተገደዱም፤ አባቶቻቸው በቀደሱበት በግዕዝ ቀደሱ እንጂ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሜንዴዝ ያፈረሱትን እሳቸው ጠበቁት።

ነገር ግን የሰላሙ ጊዜ አጭር ነበረ። ካሣ ኃይሉ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፥ የተከፋፈለችውን አገር ባንድ መንግሥትና ባንድ ሃይማኖት ለመሰብሰብ በተነሡ ጊዜ፥ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። በ1854 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከተከታዮቻቸው ጋር በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን እምነታቸውን እንዲተዉ ተገርፈውና በሰንሰለት ታስረው እምቢ አሉ። በ1855 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባቸው ሳለ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያም ከነሰንሰለታቸው ከሠራዊቱ ጋር ሲጎተቱ ቆይተው፥ በዚያው ዓመት በወሎ ምድር ሞቱ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን እንፈልጋለን። አቡነ ሰላማ በአደራ የተቀበሉትን መንጋ እንደሚጠብቁ አድርገው ይቈጥሩ ነበር፤ የሱስንዮስ ዘመን ደምም በሕዝቡ ዘንድ አልተረሳም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም የአገራቸውን አንድነት ይመኙ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ሽማግሌውን መነኩሴ ስለ ሕሊናቸው በሰንሰለት ማሠቃየትን ትክክል አያደርገውም። በ1632 ዓ.ም. የካቶሊክ ወገን በኦርቶዶክሱ ላይ ያደረገው ትክክል እንዳልነበረ ሁሉ፥ ይህም ትክክል አልነበረም። አቡነ ሰላማ ራሳቸው በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣልተው፥ በ1867 ዓ.ም. በመቅደላ በእስር ላይ ሳሉ ሞተዋል። ሰውን ስለ እምነቱ ማሰር የተፈቀደ ሲሆን፥ ነገ ማን እንደሚታሰር የሚያውቅ የለም።

አቡነ ያዕቆብም ከስደት በኋላ በሐላይና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ማገልገላቸውን አላቋረጡም። በ1860 ዓ.ም. እንደገና ተይዘው ከተለቀቁ በኋላ፥ ከምጽዋ ጠረፍ ወደ ደጋው ሲወጡ ትኩሳት ጸናባቸው። በሐምሌ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሊጋዴ ሸለቆ በመንገድ ዳር፥ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ሳሉ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት አልሞላም ነበር። አስከሬናቸው ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በሕቦ ተቀበረ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፥ የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት፥ በዓይናቸው ያዩትንና በጆሮአቸው የሰሙትን ጽፈው አስቀርተውልናል። ቤተ ክርስቲያናቸውም አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ፥ አቡነ ያዕቆብን በ1939 ዓ.ም. ብፁዕ፥ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ብላ ሰይማቸዋለች።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። የኒህ ቅዱስ ሥራ ዛሬ ከምን ላይ ይገኛል?

አንደኛ፥ ከቅዳሴው ላይ ይገኛል። ዛሬ በዓዲግራትም ሆነ በአስመራ የግዕዝ ሥርዓት ወዳለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው፥ ቅዳሴውን፥ ከበሮውንና ጸናጽሉን እንደ ጥንቱ ያገኛል። በደቡብ ኢትዮጵያ የላቲንን ሥርዓት የሚከተሉ ብዙ ካቶሊካውያን መኖራቸውን አንረሳም። ሆኖም አንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ሲሆን የአባቶቹን ዜማ መተው የለበትም የሚለው አሳብ በአቡነ ያዕቆብ እጅ የተተከለ ነው። ይህም ለኛ አገር ብቻ አልቀረም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ዓ.ም. ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ውሳኔ፥ የምሥራቁና የምዕራቡ ሥርዓት በክብር እኩል መሆናቸውን፥ የምሥራቁም ሥርዓት ሊጠበቅ እንደሚገባው አረጋግጧል። በዐድዋና በጓላ አንድ መነኩሴ በኑሮው የጀመረውን፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ጉባኤው ለዓለም ሁሉ ጻፈው።

ሁለተኛ፥ ከካህናቱ ላይ ይገኛል። የአገሩ ልጅ ለአገሩ ሕዝብ ካህን ይሁን የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን በብዙ ሚሲዮናውያን ዘንድ የተለመደ አልነበረም። ጳጳሱ ቤኔዲክቶስ 15ኛ በየአገሩ የአገር ተወላጅ ካህናት እንዲበዙ በጥብቅ ያሳሰቡት በ1919 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በቫቲካን የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1961 ዓ.ም. አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1985 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ካርዲናል የሆኑት አቡነ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ደግሞ አቡነ ያዕቆብ ከነበሩበት ከላዛሪስት ማኅበር የወጡ ናቸው። በጓላ በጥቂት ተማሪዎች የተጀመረው ነገር እዚህ ደረሰ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፥ ክርስቲያን ክርስቲያንን ከሚያይበት ዓይን ላይ ይገኛል። በ1854 ዓ.ም. ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት የተገናኙት በወኅኒ ቤት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በቫቲካን ከጳጳሱ ፍራንቸስኮስ ጋር እንደ ወንድም ተገናኝተዋል። ይህን ለውጥ ያመጡት አቡነ ያዕቆብ ብቻ ናቸው አንልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማምጣት ከሚሄዱት ጋር ስንቅ ተካፍለው የተጓዙ ሰው፥ ለዚህ መንገድ ቀዳሚ ነበሩ ብንል አንሳሳትም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ «የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ቍጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ ይህ ታላቅ ውጤት ነው ወይ?» ብሎ ተከራከረን። ክርክሩ መልካም ነው፥ መልስም ይገባዋል። በቍጥር ብቻ ከተመዘነ በሱስንዮስ አዋጅ የተቈጠረው ሕዝብ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን አዋጁ ሲሻር አብሮ ተበተነ። አቡነ ያዕቆብን የተከተሉት ጥቂቶች ግን ሰንሰለትም አልበተናቸውም። በራሳቸው ፈቃድ የመጡ ስለ ነበሩ፥ የሚያስለቅቃቸው አልተገኘም። አባ ገብረ ሚካኤል ለዚህ ምስክር ናቸው።

እኛ የተረዳነው እንግዲህ ይህ ነው። ቅዱሱ እስከ ዛሬ የሚሠሩት ሰውን አክብረው ስለ ቀረቡት ነው። ሊያስተምሩት የመጡትን ሕዝብ ቋንቋ፥ ጾምና ዜማ መጀመሪያ ስለ ተማሩ፥ ሕዝቡ የሳቸውን ትምህርት የራሱ አድርጎ ያዘው። የራሱ ያደረገውንም ለልጁ አወረሰው።

ውድ ጓደኞቻችን ተማሪዎች! ከኛ መካከል ነገ መምህር፥ ሐኪም፥ ካህን ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ወደማያውቀው አውራጃ የሚሄድ ብዙ አለ። እዚያ ስንደርስ በምስክር ወረቀታችን ተመክተን «እኔ አውቅላችኋለሁ» ለማለት እንፈተን ይሆናል። በዚያን ሰዓት የዐድዋውን እንግዳ እናስታውስ፤ በአርባ ዓመታቸው ደብተር ይዘው ሀ ሁ የቈጠሩትን ማለት ነው። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም፥ ልጅ ሲጠይቅ አብሮ መጠየቅ ክብር እንደማይቀንስ ከኒህ ሁለት አባቶች እንዲያዩልን በትሕትና እንለምናለን።

በየሃይማኖታችን ጸንተን፥ የጐረቤታችንን እምነት አክብረን፥ ባንድ ወንበር መቀመጣችንን እግዚአብሔር ያዝልቅልን። መልካም በዓል!